ባጃጇን እየገፋን ወደ መርሳ

ባጃጇን የገዛናት ከአጥር ጎረቤታችን ነው። ወልድያ ከተማ ውስጥ ለዓመታት ሲሠራባት ቆይቶ ሌላ ሥራ ልሞክር ብሎ ለሽያጭ ሲያቀርባት፣ ባለቤቴ ከማያውቀው ሰው ከመግዛት ይሻላል ብሎ ደስ አለው። ጎረቤታችን ባዶዋን ሰፈሩን ዞሮባት አሳየን። ሞተሯ ጥሩ ይሰማል፣ ቀለሟ ታድሷል፣ ወንበሯ አዲስ ሸራ ለብሷል። በዚያው ተስማሙ።

ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። ከኋላ ሰው ሞልቶ ሲጭን በቀኝ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ከላዩ ካለው የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎ ጋር እየተፋተገ ይጮኻል አለኝ። ወጥቼ አየሁት። ጎማው በውስጥ በኩል በቢላ የተላጠ ይመስላል። ሰው ሲቀመጥ አካሏን ከጎማው አርቆ መያዝ የነበረበት ሞላ ደክሞ ቁጭ ብሏል፤ ጎማውን የሚሸከመው ብረትም ላልቶ ጎማው ወደ ውስጥ አዘንብሏል። ይህን ሁሉ ያስረዳኝ ባለቤቴ ነው። እኔ ያን ጊዜ ስለ ባጃጅ የማውቀው መሳፈሩን ብቻ ነበር።

ሄዶ ሲጠይቀው ጎረቤታችን አልተቀበለም። እኔ ስነዳት እንዲህ አልነበረችም፣ ጭነት አብዝተህባት ነው አለው። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሽማግሌዎቹም ሁለቱንም ሰምተው ሳይቋጩት ተነሡ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰላም አይባባሉም። እኔም ባሌን ተከትዬ ውኃ ልቀዳ ሄጄ ቦኖ ላይ ሳገኘው ፊቴን አዞርበት ነበር። ከቤታችን እሱን ሰላም ማለት ያልተዉት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ብቻ ናቸው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ወንበራቸው ላይ ይቀመጡና በአጥሩ በኩል ሲያልፍ "እንዴት አደርክ ልጄ?" ይሉታል። ባለቤቴ ሲቆጣ፣ የባጃጁን ነገር ከባጃጁ ጋር ጨርሱት፣ እኔ የተጣላሁት ሰው የለም ይላሉ።

አማቴ ከባድ ሰው ነበሩ፤ አጥንታቸው ሰፊ፣ ድምፃቸውም ሰፊ። ከዓመታት በፊት በጭቃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ግድግዳ ይዘው ከክፍል ክፍል ከማለፍ በቀር መራመድ አይችሉም። ትውልዳቸው ሀብሩ ውስጥ ከመርሳ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ወንድማቸው እዚያው የአባታቸውን መሬት ያርሳል።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲቃረብ ባለቤቴ ደሴ ሄዶ ሞላ ካላመጣሁ አለ። ቆቦ ላይ ተኩስ አለ እየተባለ ነበር። ቅር ብሎኝ እንዲተወው ነገርኩት። ባጃጇ ካልሠራች ምን እንበላለን ብሎ፣ ነገ እመለሳለሁ ብሎ በጠዋት ወጣ። እሱ በሄደ ማግስት መንገዱ ተዘጋ። ስልክ ጠፋ። ከዚያ ከባድ መሣሪያ ሲጮኽ ሰነበተና ከተማው በታጣቂዎች እጅ ገባ።

ስለዚያ ብዙ የሚያወሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነሱ የበለጠ የማውቀው የለም። እኔ የማስታውሰው ድካሙን ነው። መብራት ስለሌለ የቧንቧ ውኃ የለም፤ ጀሪካን ተሸክሜ ወንዝ እወርዳለሁ፣ ወረፋ እጠብቃለሁ፣ ዳገቱን እመለሳለሁ። ወፍጮ ቤቱ ቆሟል፤ ያለችንን ስንዴ ንፍሮ እያደረግን እንበላለን። ንፍሮው እስኪበስል እንጨት ያስፈልጋል፣ እንጨቱ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። ማታ ጋደም ስል ስለ ባሌ ላስብ እፈልጋለሁ፤ እሱን ሳልጀምረው እንቅልፍ ይወስደኛል። ሕይወቱ በምን ላይ እንዳለ የማላውቀውን ሰው ቁጭ ብዬ እንኳ አላሰብኩትም።

መስከረም ካለፈ በኋላ አማቴ ገና ሁለት ጉርሻ ሳይበሉ ጠግቤያለሁ ማለት ጀመሩ። ለእኔ እንዲተርፍ መሆኑ ገብቶኛል። ስለምናቸው ይቆጣሉ። አንድ ቀን ልብሳቸውን ስቀይርላቸው ያ ሰፊ ክንዳቸው በአንድ እጄ ጭብጥ ውስጥ ገባ። እንደጨበጥኩት ስቆም አዩኝና፣

"ወንድሜ ዘንድ ውሰጂኝ" አሉ። "ይኼኔ ማሽላው አፍርቷል። አንቺም ትበያለሽ፣ እኔም ብሞት ከዘመዶቼ እጅ ነው።"

እንዴት ብዬ እንደምወስዳቸው አልጠየቅኳቸውም። መኪና የለም። ቤንዚን እንኳን ለእኛ፣ ገንዘብ ላለው ሰውም የለም። በበቅሎ እንዳልል ዳሌያቸው አይፈቅድም። ግቢው ጥግ በላስቲክ ተሸፍና የቆመችውን ባጃጅ አየኋት። ያለ ሞተርም ቢሆን ጎማ አላት አልኩ ለራሴ።

በማግስቱ ላስቲኩን ገፈፍኩና ፍራሽ አጥፌ ከኋላ ወንበሯ ላይ አደረግኩ። አማቴን በብዙ መከራ አውጥቼ አስቀመጥኳቸው። ባሌ ሲያደርግ እንዳየሁት ከማርሽ አወጣሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ፣ ከኋላ ሆኜ ገፋሁ። ትንሽ ሄደችና አጉረመረመች። ደግሜ ስገፋ ከነጭራሹ ቆመች። ዓይኔ እስኪጨልም ገፋሁ። ከዚያ እዚያው ከኋላዋ መሬት ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። አዝኜ አልነበረም። ጉልበቴ አልቆ ነው።

በአጥሩ በኩል የጎረቤታችን ድምፅ መጣ።

"ቀኝ ላይ ስለተቀመጡ ነው። ወደ ግራ ይጠጉላት።"

አልመለስኩለትም። አማቴ ግን ከባጃጇ ውስጥ ሆነው፣ ግባ እንጂ ልጄ፣ በአጥር ላይ ምን ያስጮህሃል አሉት። በራችንን ከፍቶ ገባ። ከዚያ ጠብ ወዲህ ግቢያችንን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር። ከስቷል። ጢሙ ያለ ወትሮው አድጓል። ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀን፤ አማቴ ነገሩት። እኔም እገፋለሁ አለ።

ሚስቱ ካረፈች ቆይታለች። ያለችው አንዲት ልጁ መርሳ አግብታ ነው የምትኖረው፤ ስልክ ከጠፋ ወዲህ ወሬዋን አልሰማም። በእግርህ ለምን አልሄድክም አልኩት፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ ያናገርኩት መጀመሪያ ይኸው ነው። አልዋሸኝም። ወንድ ብቻውን ሲሄድ ኬላ ላይ ይይዙታል፤ ከእናንተ ጋር ከሆንኩ ግን በሽተኛ የሚያደርስ ሰው ነኝ አለ። ስለ እኛ አዝኖ ብቻ አለመምጣቱን በማወቄ እንዲያውም ቀለለኝ። ምስጋናውን የምሸከምበት ጉልበት አልነበረኝም።

ያ ቀን ሙሉው ባጃጇ ላይ አለቀ። አማቴን አወረድናቸው። ከቤቱ ወፍራም ግንድ አምጥቶ ከሥሯ ሰድዶ አነሣት፤ እኔ በድንጋይ አስደገፍኩ። ጎማውን ፈታ። ጎንበስ ሲል ልብ ብዬ አየሁት፤ ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ ወዲያ ወዲህ እያየ ብልሹው የቱ ጋ እንደሆነ ይፈልጋል። እሱ አልፈለገም። እጁ በቀጥታ ወደ ሞላው፣ ከሞላው ወደላላው ብረት ሄደ። ወንበሩ ሥር ያለውን የዛገ ቡሎን ሳያይ በጣቱ አገኘው። "ያዢ" ይለኛል፣ እይዛለሁ። "ልቀቂ" ይለኛል፣ እለቃለሁ።

ከጓሮው የቆየ የከባድ መኪና ጎማ አምጥቶ እንደ ጡብ ወፍራም አድርጎ ቆረጠው። ቁራጮቹን በሞላው ጥቅልሎች መካከል እየደበደበ አስገባቸው፤ ሰው ሲቀመጥ ሞላው ቁጭ እንዳይል። የላላውን ብረት ፈትቶ ቡሎኑ ላይ ከጎማ ውስጥ የሚወጣ የካላማዳሪ ላስቲክ ቁራጭ ጠቀለለና ጥብቅ አድርጎ መለሰው፤ ያዘነበለው ጎማ ትንሽ ቀና አለ። የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ ወደ ላይ አጠፈው። መዶሻው ውጭ እንዳይሰማ ብረቱ ላይ የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ደርቤ ያዝኩለት። የተላጠውን ጎማ ደግሞ ሞላው ደህና ወደሆነበት ወደ ግራ አዛውሮ ደህናውን ወደ ቀኝ አመጣው። በየመካከሉ እየተቀመጠ ያርፋል። የሚበላ እንደሌለው ገባኝና ከንፍሮው ሰጠሁት፤ አንዲት ፍሬ ሳያስቀር በላ።

ሲጨርስ አማቴን፣ አሁን ሞላ የላትም፣ ድንጋይ ናት፤ መንገዱ ያንገላታዎታል ብሎ አስጠነቀቃቸው። እሳቸው፣ እኔም ከተቀመጥኩ ወዲህ ድንጋይ ሆኛለሁ፣ እንስማማለን አሉት። ከወራት በኋላ ስስቅ ያን ጊዜ ነበር።

በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ ተነሣን። አማቴን በግራ በኩል አስቀመጥናቸው፤ በቀኝ ፍራሹን፣ ውኃውንና ቆሎውን አደረግን። "ቢስሚላህ" አሉ። እሱ አማተበ። ገፋን።

ከከተማው መውጫ ኬላው ላይ አስቆሙን። አንዱ ታጣቂ የቤንዚኑን ክዳን ከፍቶ አሸተተ፤ ባዶ ነው። ጎረቤታችንን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ማን ነህ ከማለቱ በፊት አማቴ ወደ ወንድሜ የሚያደርሱኝ ልጆቼ ናቸው አሉ። ታጣቂው ያበጡ እግሮቻቸውን አየና በእጁ እለፉ አለን። ጎረቤታችን ኬላውን ካለፍን በኋላም ለረጅም ጊዜ ወደ ኋላ አልዞረም።

ከወልድያ ወደ መርሳ መንገዱ ባመዛኙ ይወርዳል። በመኪና የሄደ ሰው ዝም ብሎ የሚወርድ ነው የሚመስለው። ለሚገፋ ሰው ግን መውረድም ሥራ ነው። ቁልቁለቱ ላይ እሱ መሪው ላይ ተቀምጦ በእግሩ ፍሬን እየያዘ ይወርዳል፤ እኔ ከኋላ ብረቷን ይዤ እንዳትፈጥን ወደ ኋላ እጎትታለሁ። ዳገት ሲመጣ ይወርድና በጎን መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በትከሻው ይገፋል፣ እኔ ከኋላ እገፋለሁ። ሞተር የሚደብቀውን ነገር ሁሉ ክንድ ያውቀዋል። የጎማው ንፋስ መጉደል፣ የአስፋልቱ መንሻፈፍ፣ አማቴ ወንበሩ ላይ መመቻቸታቸው፣ ሁሉም መዳፌ ውስጥ ይገባ ነበር።

መንገዱ ላይ ብቻችንን አልነበርንም። እህል ፍለጋ የሚሄድ፣ ዘመድ ፍለጋ የሚሄድ፣ ከየት ወዴት እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ይጓዛል። አንዳንዱ ዳገት ላይ ሲደርስብን ሳይናገር አብሮን ይገፋና ጫፍ ላይ ትቶን ይሄዳል። ወታደር የጫነ መኪና ሲመጣ ሁላችንም ወደ ዳር እንወጣለን። እኛ ከአስፋልቱ ስንወርድ ብዙም አያስቸግርም፤ መመለሱ ነው የሚገድለው።

ረፋድ ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ጭንቅላቷ ላይ ትልቅ ጥቅል ተሸክማ ደረሰችብን። በመንገዳችን መካከል እስካለችው ሲሪንቃ ድረስ ጥቅሏን እንድንጭንላት ጠየቀች። ጎረቤታችን ሞላው አይችልም፣ አዝናለሁ አላት። እሷም አልተከራከረችም። አማቴ ግን ጣልቃ ገቡ።

"አምጪ ልጄ፣ እቅፌ ላይ አድርጊው።"

ጥቅሉን ተቀብለው አቀፉት። እሱ አንገቱን ነቅንቆ መግፋቱን ቀጠለ። ሴትየዋም ከጎኔ ሆና ትገፋ ጀመር። የሕፃኑ እግር በየእርምጃዋ ክንዴን ይነካኛል።

ሲሪንቃ ልንደርስ ስንል አስፋልቱ በከባድ መኪና ተሰባብሯል። የቀኙ ጎማ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ከሥር የሆነ ነገር ጧ አለ። ጆሮዬ ከመስማቱ በፊት በእጄ አወቅኩት፤ ባጃጇ ከበደች። ከዚያ ያ ባሌ ሲያማርርበት የነበረው ድምፅ መጣ፣ የጎማ ሽታም ተከተለ። ግራር ጥላ ሥር ስበን አቆምናት። በሞላው ውስጥ ከገቡት የጎማ ቁራጮች አንዱ ተፈትልኮ ወጥቶ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሴትየዋ ተመልሳ ሄዳ አመጣችው። ማንም ማንንም አልወቀሰም። ጥቅሏን ከአማቴ እቅፍ አንሥታ መሬት አስቀመጠች።

ቁራጩን መልሶ ለማስገባት ማሰሪያ ያስፈልጋል። የያዝነው ገመድ ፍራሹን ያሰርንበት ብቻ ነው፤ እሱም አጭር ነው። አማቴ ምንም ሳይሉ መቀነታቸውን ፈቱና በመስኮቱ በኩል ሰጡኝ። ነጭ፣ ረጅም፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ጥለት ያለው ነበር። አቀበልኩት። እሱ ጀርባው ላይ ተኝቶ ከባጃጇ ሥር ገብቷል፤ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። መቀነቱን በሞላውና በቁራጩ ላይ ደጋግሞ ሲጠመጥም ትንፋሹ ይሰማኛል። ከዚያ ከሥር ሆኖ ተናገረ።

"ስሸጥላችሁ አውቅ ነበር።"

የመቀነቱን ጫፍ ወጥሬ ያዝኩለት።

"ባዶዋን ዞሬ ያሳየኋችሁ ለዚያ ነው። ሰው ሲጫንባት እንደምትጮኽ አውቃለሁ። ሽማግሌ ፊትም ዋሸሁ።"

ሴትየዋ ልጇን እያጠባች ወደ ሌላ አቅጣጫ አየች። አማቴ የሰሙ አልመሰሉም። እኔ ያን ቃል ለመስማት በፊት ምን ያህል እመኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። ቤታችን ውስጥ ስንት ቀን ስለዚያ ነገር አውርተናል፣ ስንቴስ እንዲህ ቢል እንዲህ እለው ነበር ብዬ አስቤያለሁ። አሁን ሲመጣ ግን ከውስጤ የሚነሣ ነገር አጣሁ።

"አውቄያለሁ ጋሼ" አልኩት። "ትናንት እጅህን ሳይ አውቄያለሁ። በል አሁን ውጣ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ እንሂድ።"

ወጣ። ጀርባውን አራገፍኩለት።

ሴትየዋ ከጥቅሏ ጥሬ ሽምብራ ዘግና ሰጠችንና ሲሪንቃ ስንደርስ ወደ ውስጥ ታጠፈች። እኛ ከዚያ በላይ መሄድ አልቻልንም። መንገድ ዳር ያለ የአንድ ቤት ባለቤቶች በረንዳቸውን ለቀቁልን፤ ውኃ አሙቀው ለአማቴ እግር ሰጡን። አማቴን ማውረድና መልሶ ማንሣቱን ሳስበው አልሆን አለኝ። እሳቸውም ተዪኝ አሉ። ባጃጇ ውስጥ እንደተቀመጡ አደሩ። ሲነጋ ጀርባቸው አልቃና ብሎ፣ ተቀምጠው ሰገዱ። እኔ መዳፌ አብጦ ጣቶቼ አልታጠፍ ብለው ነበር፤ የውኃ ጀሪካኑን በክንዴ አቅፌ ነው ያጠጣኋቸው።

ሁለተኛው ቀን ከፊተኛው ሞቃት ነበር። ወደ መርሳ እየወረድን በሄድን ቁጥር ጤፉ ወርቃማ፣ ማሽላው ራሱን ደፍቶ በሁለቱም ወገን ይታያል። ቆንጆ ነበር። አማቴ እያዩ "አልሃምዱሊላህ፣ መሬቱስ አለ" ይላሉ። እኔ የማየው ከፊቴ ያለውን ብረትና የራሴን እግር ነው። አንድ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ግሎ አልይዝ አለው። ያዢ ብሎ ጮኸ። ክብደቴን ሁሉ ወደ ኋላ ጥዬ ተጎተትኩ፤ ጫማዬ ተቀደደ፣ ተረከዜ ተላጠ። መንገዱ ዳር ያለ ፈር ውስጥ አስገብቶ አቆማት። እዚያ ቦታ ላይ፣ ብለቃትስ የሚል ሐሳብ እንደመጣብኝ አልደብቅም። እሳቸውን ልጥል አልነበረም። እጄ ብቻውን የሚያስብ ይመስል ነበር።

ከሰዓት በኋላ መርሳ ገባን። መጀመሪያ የጎረቤታችን ልጅ ቤት ነው የቆምነው። በሩ በቁልፍ ተዘግቷል። አንኳኳ፣ ደግሞ አንኳኳ። ከጎን ያለች ሴት ወጥታ፣ ወደ ውርጌሳ ወደ ባሏ ዘመዶች ሄደዋል፣ ሲሄዱ ደህና ነበሩ አለችው። መቼ እንደሄዱ ጠየቃት፤ ቆይቷል አለች። እሱም ደጃፏ ላይ ተቀመጠ። እስከዚያ ድረስ ስለ እሱ ድካም አላሰብኩም ነበር። ተነሥ ልለው ፈልጌ አልቻልኩም፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አማቴ ከባጃጇ ውስጥ ሆነው፣ ደህና ነበሩ ከተባለ ደህና ናቸው፣ አላህ ያገናኝሃል አሉት። ትንሽ ቆይቶ ተነሣና ብረቷን ያዘ።

የወንድማቸው ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ በጥርጊያ መንገድ ነው። እሱን እንዴት እንደሄድነው በደንብ አላስታውስም። የማስታውሰው ሰዎች ከማሽላው ውስጥ እየሮጡ ሲወጡ ነው። ወንድማቸው፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ ባጃጇን ከበቧትና ከእጄ ወሰዷት። ሲገፏት መሬት የነካች አይመስልም ነበር። እኔ ባዶ እጄን ይዤ ከኋላ ቆምኩ፤ እጄ ግን አሁንም ብረት እንደያዘ ተጨብጦ ቀረ። ወንድማቸው እህቱን አንገታቸው ሥር ገብቶ ሲስማቸው አየሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሚበላ ነገርና እንቅልፍ ነው።

ጎረቤታችን በማግስቱ ጠዋት በእግሩ ወደ ውርጌሳ ሄደ። እንዲቆይ ለመኑት፣ እንቢ አለ። ከመሄዱ በፊት አማቴ እጁን ይዘው ለረጅም ጊዜ መረቁት። እኔ እሸት ጠቅልዬ ሰጠሁት። ስለዚያ ከሥር ሆኖ ስለተናገረው ነገር አላነሣንም። ሳምንታት አልፈው፣ በአማቴ ወንድም ማሳ ላይ ጤፍ ሳጭድ፣ ጎረቤታችን ልጁን አስከትሎ መጣ። ደህና ናት፤ ከስታለች፣ ግን ደህና ናት። አማቴን ልትጠይቅ ፓፓያ ይዛ ነበር። እሱ ማጭድ ጠየቀና ከእኛ ጋር አጨደ።

አማቴ በልተው ፊታቸው ተመለሰ፤ ድምፃቸውም ወደ ድሮው ሰፊ ድምፅ ተመለሰ። ዳሌያቸው ግን አልተመለሰም። ያ ያለ ሞላ የሄዱት መንገድ ጨረሰው። ከዚያ በኋላ ግድግዳ ይዘውም አልቆሙም። ባላመጣቸው ምን ይሆኑ እንደነበር ስለማውቅ ልጸጸት አልችልም፤ ደስ ሊለኝም አልቻለም። ጠዋት ጠዋት አውጥተን ፀሐይ ላይ እናስቀምጣቸዋለን፤ የማሽላ ራስ እየፈለፈሉ ከሚያልፈው ሁሉ ጋር ያወራሉ። በቀጣዩ ክረምት እዚያው አረፉ፤ ከአባታቸው አጠገብ ተቀበሩ።

ባለቤቴ ግን በሕይወት እያሉ ደርሶባቸዋል። መንገዱ ሲከፈት ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግሩ ወልድያ ሄዶ፣ ቤቱን ዘግተን መሄዳችንን አይቶ፣ የሰፈር ሰው ወዴት እንደሄድን ነግሮት መጣ። እናቱን ካቀፈ በኋላ ዞሮ እኔን ሲያየኝ ያወቀኝ አልመሰለኝም። ደሴ ሞላውን አግኝቶ ነበር። ደሴም ሲናወጥ በቦርሳ ተሸክሞት ወደ ታች ሸሸ፤ ከዚያ ክብደቱ ሲበዛበት ያደረበት ሰው ቤት ትቶት ሄደ። ይህን ሲነግረኝ ያፈረ ይመስል ነበር። ምንም አይደለም አልኩት፤ ምንም አልነበረም።

እኔም እንዴት እንደመጣን ሁሉን ነገርኩት። ግራሩ ሥር ወደተባለው ስደርስ ተነሥቶ ቆመ።

"አውቆ ነው የሸጠልን ማለት ነው?"

"አዎ።"

"አንቺስ ምን አልሽው?"

"ፀሐዩ ሳይበረታ እንሂድ አልኩት።"

"ይቅር አልሽው?"

"አላውቅም" አልኩ። "ደክሞኝ ነበር።"

ባለቤቴ እንደ አዲስ ተናደደ። ልክ ነበር፤ እሱ አልገፋም፣ ቁጣውም እንደነበረ ነው የጠበቀው። እናቱን ያደረሰለት ሰውና የዋሸው ሰው አንድ መሆኑ ሊዋጥለት አልቻለም። ስንት ቀን ሲያወጣና ሲያወርድ ሰማሁት። እኔ ከእሱ ጋር መናደድም፣ እሱን ማብረድም አልቻልኩም፤ ሁለቱም ጉልበት ይፈልጋሉ። አማቴ አንድ ቀን ጠርተውት ብቻቸውን አነጋገሩት። ምን እንዳሉት አልነገረኝም። ከዚያ በኋላ ቁጣው አልጠፋም፣ ድምፁ ግን ዝቅ አለ።

አማቴን ወንድማቸው ዘንድ ትተን ወደ ወልድያ የተመለስነው እህል የጫነ አይሱዙ ላይ ነው። ባጃጇን ከጆንያዎቹ በላይ አወጧት። ጎረቤታችንም ቤቱን ሊያይ አብሮን ይመለስ ነበር። እንዳትገለበጥ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ገመድ መያዝ ስለነበረባቸው እሱና ባለቤቴ ፊት ለፊት ተቀመጡ። መጀመሪያ አልተነጋገሩም። መኪናው ሲጣመም ባጃጇ ወደ አንድ ወገን ታዘነብላለች፤ ያን ጊዜ የግድ አንዱ ሳብ ይላል፣ ሌላው ላላ አድርግ ይላል። ከመርሳ እስክንወጣ የሰማሁት ንግግራቸው ይኸው ነበር።

እኔ ከጆንያዎቹ መካከል ቦታ አገኘሁ። ያን ዳገትና ቁልቁለት ሁሉ፣ ግራሩን፣ ፍሬኑ አልይዝ ያለበትን ቦታ ከላይ ሆኜ ላየው ፈልጌ ነበር። ሲሪንቃ ስንደርስ ለበረንዳው ሰዎች እጄን ላነሣላቸውም አስቤ ነበር። ጀርባዬን ጆንያ ላይ እንዳስደገፍኩ፣ ገና ከተማውን ሳንጨርስ ዓይኔ ተከደነ። ባለቤቴ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ሲቀሰቅሰኝ ወልድያ ገብተን፣ ሰዎቹ ጆንያ እያወረዱ ነበር።